«መብት»፣ «ርስት»ና «እንደራሴ»፦ የፖለቲካ ፍልስፍና መሠረታውያን ጽንሰ ሐሳቦች በአማርኛ

የፖለቲካ ፍልስፍና መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የሚገጥመው ችግር የሥነ ሕይወትን ወይም የምሕንድስናን መጽሐፍ ከሚተረጕመው ሰው ችግር የተለየ ነው። የኋለኛው የሚቸገረው በቃል እጦት ስለሆነ አንድም ከግእዝ ሥር አዲስ ስያሜ ያወጣል፤ አንድም የባዕዱን ቃል በፊደላችን ጽፎ ያልፋል። የፊተኛው ግን የሚቸገረው በቃል ብዛት ነው። መንግሥት፣ ሥልጣን፣ ፍትሕ፣ መብት፣ ነጻነት፣ ውል፣ ግብር የሚባሉት ሁሉ እርሱ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት በፍርድ አደባባይ፣ በቤተ ክህነት፣ በገበያና በእርሻ ላይ የኖሩ ናቸው። ሆብስን ወይም ሎክን ወይም ሩሶን ሲተረጕም በእነዚህ ቃላት ቢገለገል፥ ቃላቱ የራሳቸውን አሮጌ ክርክር ይዘው ወደ አዲሱ ክርክር ይገባሉ። አንዳንዴም አሮጌው ክርክር አዲሱን ያብራራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያጠፋዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የምንወስደው ከጎጃም ደጋ፣ ይልቁንም ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው አገር ከምትገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ፣ ከይጁቤና ከአካባቢዋ ነው። ይህ አገር ለቋንቋ ጥናት እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ምእት ዓመት የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና ባሪያ ይዘው ከሰሜን ነጋዴ ጋር የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበረ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ተቀምጦ የብዙ ቋንቋዎችን የቃላት ዝርዝር ለመሰብሰብ የቻለው፥ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር ሰው በዚህ ንግድ ምክንያት ስለሚገናኝ ነው። እኛ ግን እዚህ የምንፈልገው የገበያውን ሳይሆን የባላገሩን የርስት፣ የግብርና የሙግት ቋንቋ ነው። ምክንያቱም ወደፊት እንደሚታየው፥ በአውሮፓ ፈላስፎች መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነገር በዚህ ቋንቋ ውስጥ በሌላ ስም ተቀምጦ ስለሚገኝ ነው።

መንግሥት

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው «መንግሥት» ነው። ቃሉ ነግሠ ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን የንጉሥን አገዛዝ፣ የሚገዛውን ግዛትና የሚገዛበትን ዘመን ያመለክታል። «በአፄ ምኒልክ መንግሥት» ሲባል ዘመኑን፣ «መንግሥተ ሰማያት» ሲባል ግዛቱን፣ «መንግሥት አዋጅ አወጣ» ሲባል ደግሞ ሥልጣን የያዙትን ሰዎች ማለታችን ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይባላል። የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ዛሬ የፖለቲካ ኢኮኖሚ የምንለው ነው፤ ይህ ስም በጊዜው በአማርኛ ስላልነበረ «የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው ሐረግ ከባድ ሸክም ተሸክሟል።

የቃሉ ብዙ ፍች መያዝ ለዕለት ንግግር ጉዳት የለውም። ለፍልስፍና ግን አለው። ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 ባሳተመው በሁለተኛው ድርሳኑ መጨረሻ ምዕራፍ ላይ፥ የገዥዎች አስተዳደር ቢፈርስ ሕዝቡ በአንድነት ያቆመው ማኅበር አብሮ እንደማይፈርስ ይከራከራል። የመጽሐፉ መደምደሚያ የተንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ሕዝቡ በዳተኛ ገዥን አንሥቶ ሌላ ሊያቆም የሚችለው ማኅበሩ ስለሚቀጥል ነውና። ተርጓሚው ሁለቱንም «መንግሥት» ቢላቸው «መንግሥት ሲፈርስ መንግሥት አይፈርስም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወጣዋል፤ አንባቢም ደራሲው የተምታታበት ይመስለዋል። በቅርብ ዘመን የተለመደው «አገረ መንግሥት» የሚለው ጥምር ቃል ለዘለቄታው የፖለቲካ አካል፣ «መንግሥት» ብቻውን ደግሞ ለጊዜው አስተዳዳሪዎች እንዲሆን መለየቱ ስለዚህ ተገቢ ነው። «አገር» የሚለው ቃል መሬትን አጥብቆ ያመለክታል ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል። ነገር ግን ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1919 ለዚሁ አካል በሰጠው ፍች ውስጥም የተወሰነ ግዛት አንዱ መለያ ስለሆነ፥ ነቀፋው ያን ያህል የሚከብድ አይመስለንም።

ስለ «ሉዓላዊነት» በአጭሩ እንናገር። ከለዐለ ሥር የተገኘ ስለሆነ የሚያሳየው ከፍታን ነው። ዣን ቦዳን እ.ኤ.አ. በ1576 ስለ ሉዓላዊ ሥልጣን ሲጽፍ፥ ሉዓላዊው በእግዚአብሔርና በተፈጥሮ ሕግ የታሰረ፣ እርሱ ራሱ ባወጣው ሕግ ግን በሰው ፊት የማይጠየቅ መሆኑን አስተምሯል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በ44ኛው አንቀጹ ስለ ነገሥታት ሲደነግግ ንጉሡን ከእግዚአብሔር ሕግ በታች አድርጎ ያቆመዋል፤ ባላገሩ ደግሞ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲል ቀሪውን ግማሽ ተናግሮታል። ሆኖም ይኸው ባላገር ጠበኛውን ሲያስቆም «በሕግ አምላክ!» ይላል። ሕግ እንደ ንጉሥ ሁሉ የሚማጠኑበት አምላክ ያለው ሆኖ መነገሩ፥ የሕግ የበላይነትን ጽንሰ ሐሳብ ለማስረዳት ከማንኛውም አዲስ ስያሜ የተሻለ መነሻ ይሆናል።

መብትና ርስት

«መብት» ከግእዙ «መባሕት» ጋር የሚዛመድ ሲሆን የዚህም ግሥ አብሐ፣ ማለትም ፈቀደ፣ ሥልጣን ሰጠ ነው። እንግዲህ በሥሩ መብት የተሰጠ ነገር ነው፤ የተሰጠ ነገር ደግሞ ሰጭ አለው። ከዚህ የተነሣ «የተፈጥሮ መብት» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ውስጥ አንድ የተሰወረ ጥያቄ ይዞ ይገባል፦ ማን ሰጠው? የሎክ ትምህርት ግን ሰው ሕይወቱን፣ ነጻነቱንና ሀብቱን የያዘው ከገዥ ተቀብሎ ሳይሆን ገዥ ከመኖሩ በፊት ነው የሚል ነው።

ሰጭ የሌለው ይዞታ በጎጃም ደጋ ስም አለው፤ ስሙም «ርስት» ነው። ወረሰ ከሚለው ግሥ የተገኘው ይህ ቃል ብዙ ጊዜ «የግል መሬት» ተብሎ ቢተረጐምም ትርጕሙ ትክክል አይደለም። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ በደጋ ዳሞት ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ ርስት ማለት አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከዋናው አባት ጋር ትውልዱን ካገናኘ በዚያ መሬት ላይ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። ወንድም ሴትም ይጠይቃል፤ ለብዙ ዘመን ከአገር የራቀም ተመልሶ ሊሟገት ይችላል። በአንጻሩ «ጉልት» ጎለተ ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን (የምድጃው ጉልቻም ከዚሁ ነው) ንጉሥ ለባለሟል ወይም ለቤተ ክርስቲያን የተከለው ግብር የመቀበል ሥልጣን ነው። የተከለው ሊነቅለው ይችላል። በሥር ትርጕሙ እንግዲህ መብት የሚባለው ጉልት ነበር፤ ርስት ግን ከመብት በፊት የነበረ ነገር ነው።

ይህ ልዩነት ለተርጓሚ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት የሎክን የመጀመሪያውን ድርሳን መመልከት ይበቃል። ይህ ድርሳን ሮበርት ፊልመር የተባለውን የነገሥታት ጠበቃ የሚቃወም ነው። ፊልመር የንጉሥ ሥልጣን ከአዳም በውርስ የተላለፈ ነው ብሎ ነበር። በአውሮፓ የፍልስፍና ተማሪ ዘንድ ክፍሉ አሰልቺ ተብሎ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በጎጃም የርስት ሙግት ቋንቋ ግን ክርክሩ ወዲያው ሕይወት ይዘራል፤ ፊልመር ዙፋንን ርስት፣ አዳምን ዋና አባት አድርጎ መሟገቱ ነውና። ሎክም የበኵር ልጅ ብቻውን የሚወርስበት የተፈጥሮ ሕግ የለም ብሎ ሲመልስለት፥ ርስት ለልጆች ሁሉ በሚካፈልበት አገር ያደገ አንባቢ መልሱን ሳይጨርሰው ይጨርስለታል፦ ሁላችንም የአዳም ልጆች ከሆንን ሁላችንም ድርሻ አለን። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘውዱን በቀዳማዊ ምኒልክ ትውልድ ላይ ሲያጸና የተከተለውም የትውልድ ቈጠራ መንገድ ነበር፤ ልዩነቱ ድርሻ ጠያቂ አለመፈቀዱ ነው።

ነገር ግን ምስስሉን ከመጠን በላይ መግፋት አይገባም። ርስት ከዘር ቈጠራ እንጂ፥ ሎክ እንደሚለው ከድካምና ከላብ አይመነጭም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ርስት የሰው ሁሉ አይደለም። ሙስሊም ነጋዴውና ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሌላውም ባለእጅ በልማድ ከርስት ውጭ ነበሩ። ስለዚህ «ሰብአዊ መብት» የሚለውን ትተን ከርስት አዲስ ስያሜ እናውጣ ማለታችን አይደለም። የምንለው፥ መዝገበ ቃላት «መብት»ን ሲፈታ «የተፈቀደ» የሚለውን አሮጌ ፍችና «ማንም ሳይሰጥ የሚገባ» የሚለውን አዲስ ፍች ለይቶ በሁለት ተራ ያስቀምጥ ነው። እስከ ዛሬ ሁለቱ ተደባልቀው በመኖራቸው፥ አንድ ባለሥልጣን «መብት ሰጠናችሁ» ሲል አባባሉ ውስጥ ተቃርኖ መኖሩ ለጆሮ አይሰማም።

በመንገድ ላይ ስለ «ንብረት» አንድ ነገር እንጨምር። ሎክ ለሀብት የተጠቀመበት ቃል ሕይወትንና ነጻነትንም የሚጨምር ሰፊ ቃል መሆኑ ተርጓሚዎችን ሁሉ ያስቸግራል። ነበረ፣ ማለትም ተቀመጠ፣ ኖረ ከሚለው ግሥ የመጣው «ንብረት» ግን በግእዝ የኑሮን ሁኔታ ሁሉ የሚያመለክት ስለሆነ፥ ስፋቱ ሳይታሰብበት ተጠብቆልናል።

እንደራሴ፣ ተወካይ፣ ፈጅ

የውክልናን ጽንሰ ሐሳብ በዘመናዊ መልክ ከመረመሩት ቀዳሚው ቶማስ ሆብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው «ሌዋታን» በ16ኛው ምዕራፍ፥ አንዱ የሌላውን ሰውነት ለብሶ ሲናገር ቃሉ የማን ነው የሚለውን ይጠይቃል። አማርኛ ለዚህ አንድ አስደናቂ ቃል አለው፤ «እንደራሴ»። ቃሉ ራሱ በአንደኛ መደብ የተነገረ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የሚናገረውም ሿሚው ነው፦ «ይህ ሰው እንደ እኔው ነው።» ስለዚህ እንደራሴ መጀመሪያ የንጉሥ እንደራሴ ነበር፤ የውክልናውም አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ነው። በኋላ የምክር ቤት አባላት «የሕዝብ እንደራሴ» ሲባሉ ቃሉ ሳይለወጥ አቅጣጫው ተገለበጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት «የሕዝብ ተወካዮች» የሚለውን መርጧል። «ተወካይ» ከ«ወኪል» የመጣ፣ ከዐረብኛ የተወረሰና በንግድና በፍርድ ቤት የታሸ ቃል ነው፤ የላከውን የሚያስብ፣ ሊሻር የሚችል መልእክተኛን ያሳያል። እንደራሴ ግን ሙሉ ሰውነትን ስለሚያለብስ ለሆብስ ትርጕም የሚስማማው እርሱ ነው፤ ለሩሶ ደግሞ፣ ሕዝብ ፈቃዱን ለሌላ አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም ለሚለው፣ የሚነቀፈው ቃል እርሱ መሆን አለበት። አንድ ተርጓሚ ሁለቱን ደራስያን በአንድ ቃል ቢተረጕም ጠባቸው ይጠፋል።

በጎጃም ሦስተኛ ቃል አለ። ርስት በሚከፈልበትና ሙግት በሚነሣበት ጊዜ የአንዱን ዘር ወገን ወክሎ የሚቆም ሰው «ፈጅ» ይባላል። በመሥሪያ ቤት «ነገረ ፈጅ» የምንለው ቃልም የዚሁ ዘመድ ነው። ፈጅ እንደ እንደራሴ ከላይ አይሾምም፤ እንደ ወኪልም ከውጭ አይቀጠርም። ከባለ ድርሻዎቹ አንዱ ሆኖ ስለራሱም ስለእነርሱም ይሟገታል። ወካዩና ተወካዩ በአንድ ጥቅም የታሰሩበት ይህ ዓይነት ውክልና በፖለቲካ ፍልስፍና መጻሕፍት ሲጠቀስ ስያሜ ስለሚያጣ፥ ቃሉን ከደጋው አውጥቶ በአገልግሎት ላይ ማዋል የሚገባ ይመስለናል።

የእነዚህ ቃላት ልዩነት በ1960 ዓ.ም. በደም ተፈትኗል። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በፓርላማ ተመክሮበት የጸደቀ ሕግ ነበር። ሎክ፥ በሕዝቡ ወይም ሕዝቡ በመረጣቸው ሰዎች ፈቃድ ካልሆነ በቀር ግብር አይጣልም ያለው በወረቀት ላይ ተፈጽሟል ማለት ነው። የጎጃም ባላገር ግን አልተቀበለውም። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የታጠቀ እምቢታ ተነሣ፤ ሽማግሌ ተላከ፣ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፤ ግብሩም በተግባር ሳይሰበሰብ ቀርቶ በ1961 ዓ.ም. የቆየው ውዝፍ ተማረ። የሕዝብ እንደራሴ ፈቅዷል ሲባል ባላገሩ የሰማው የፈጅን ቃል አልነበረም።

ለምን እምቢ አለ? የአንድ ቃል ታሪክ መልሱን በከፊል ይሰጣል። «ግብር» ገብረ፣ ሠራ ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን ሥራንም፣ ለጌታ የሚከፈለውንም፣ ጌታው የሚያበላውንም ድግስ ይጠራል፤ ገበሬና ገባር፣ ግብረ ገብም ከዚሁ ሥር ናቸው። ለጎጃም ባለርስት በዋናው አባት ስም በቁርጥ የሚገባው ግብር ሸክም ብቻ አልነበረም፤ የባለርስትነቱ ምስክር ነበር። ግብር የገበረ ርስቱን አጸና። በ1930ዎቹ የወጣው የመሬት ግብር ሕግም መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እያለ ሲከፍል፥ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ እንደ ጥንቱ ልማድ እንዲከፍሉ ትቷቸው ነበር። የገቢ ግብር ግን የሚከፈለው በመሬቱ ስም ሳይሆን ግምት ገብቶ በተገኘው ፍሬ ላይ ነው። ለርስቱ አይመሰክርም። ገማች ከመጣ ቀያሽ ይከተላል፣ ቀያሽ ከመጣ «ቀላድ» ይመጣል ተብሎ ተፈራ፤ በደቡብ አገር ቀላድ የተጣለበት ባለመሬት እንዴት ገባርና ጭሰኛ እንደሆነ የታወቀ ነበርና። ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ፣ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የፊታውራሪ መሸሻን ባላገሮች ከልማድ ያለፈውን እምቢ አሰኝተው በአበጀ በለው መሪነት ሲያስነሡ፥ አመፁ የቆመበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ ባላገሩ የሚቃወመው ግብርን ሳይሆን ከልማዱ የወጣውን ግብር ነው። ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 «ማኅበራዊ ውል» ብሎ የጻፈበትን ጉዳይ በጎጃም ቋንቋ ለማስረዳት የሚፈልግ ሰው፥ ውል ከሚለው ቃል ይልቅ ቁርጥ ከሚለው ቢጀምር የሚቀናው ይመስለናል።

ነጻነትና አርነት

«ነጻ» ከነጽሐ፣ ማለትም ንጹሕ ሆነ ከሚለው ጋር ስለሚዛመድ፥ ነጻነት በሥሩ ከዕዳ፣ ከክስ ወይም ከሸክም መጥራት ነው። ተከሳሽ «ነጻ ወጣ» የሚባለው ለዚህ ነው። አይዛያ በርሊን እ.ኤ.አ. በ1958 በሰጠው ንግግር የማንም ጣልቃ አለመግባት ነው ብሎ ለከፈለው የነጻነት ዓይነት ቃሉ በሚገባ ይስማማል። ሁለተኛው ዓይነት፣ ሰው ለራሱ ሕግ ሲገዛ የሚያገኘው ነጻነት፣ በአማርኛ ጥንትም «ራስን መግዛት» ይባላል፤ ምንም እንኳ ዛሬ ቃሉ ቁጣን ከመቈጣጠር ባያልፍም።

ከበርሊን በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ግን ከሮማውያን ሕግ ተነሥተው ሦስተኛ ፍች አቅርበዋል። ጌታው ደግ ሆኖ ባይነካውም ባሪያ ባሪያ ነው፤ ነጻ ሰው ማለት ጌታ የሌለው ነው ይላሉ። ለዚህ «ነጻነት» አይበቃም፤ ደጉ ጌታ ሸክሙን አንሥቶለታልና። የሚበቃው «አርነት» ነው። ከሐርነት የመጣው ይህ ቃል «አርነት ወጣ» በሚለው ሐረግ በቀጥታ የባርነትን ተቃራኒ ይናገራል። ባሪያ በአደባባይ በተሸጠበት በባሶ ገበያ አካባቢ ቃሉ ምሳሌ አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ ፈጽሞ ከተከለከለ ወዲህ ቃሉ ከአማርኛ የዕለት ንግግር እየወጣ ስለሄደ፥ ተርጓሚዎች መልሰው ቢያነሡት ማንንም ስያሜ ሳያፈናቅል ባዶ ቦታ ይሞላል።

የስያሜ ዋጋ

በአብዮቱ ዘመን ስያሜ በፍጥነት ይወጣና ይወድቅ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የታወጀው መመሪያ «ኅብረተሰባዊነት» የሚል የአገር ስም ነበረው፤ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ግን በ«ሶሻሊዝም» ተናገረ። የተለወጠው ቃል ብቻ አልነበረም። አንደኛው ከአገሩ ልማድ እንደተገኘ የሚቆጠር ሥርዓትን፣ ሁለተኛው ሳይንሳዊ ነው የተባለውንና በዓለም ሁሉ አንድ የሆነውን ትምህርት አመልክቷል። ብድር ቃል እንግዳነቱን ስለማይሸሽግ አንዳንዴ ከአገር ስያሜ ይልቅ ሐቀኛ ነው።

ይሁን እንጂ ብድር ቃልም ባላገር ቤት ሲገባ ሌላ ይሆናል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ርስትና ጉልት ሁለቱም ቀሩ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። (እዚህ ላይ «መንግሥት» ከላይ ከለየናቸው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የአማርኛው ጽሑፍ ራሱ አይለይም።) ገበሬው የቀረለት «ይዞታ» ነው። ከዚያም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል፥ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር የሠሩ ገበሬዎች «ቢሮክራት»፣ ሌሎችም «ፊውዳል» ተብለው ተመደቡ፤ ለእነርሱ የተፈቀደው የይዞታ ጣሪያም ከሌላው ገበሬ ያነሰ ነበር። ጎጃም ድልድሉ በብርቱ ከተሰማባቸው ቦታዎች አንዱ ሲሆን፥ አቤቱታ ያላቸው ገበሬዎች እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥተዋል። ቬበር የጽሕፈት ቤት አስተዳደርን ለማጥናት የተጠቀመበት ቃል በበሬ የሚያርስና ቢሮ ገብቶ የማያውቅ ሰው ስም ሆነ፤ ስሙም በጥማድ ተለካ።

የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንግዲህ «ቢሮክራት» ከሚለው መነሻ ቃል ሥር ሁለት ፍች ሊያሰፍሩ ይገባል። አንደኛው፦ በመሥሪያ ቤት ሥርዓት የሚሠራ ሹም ወይም ጸሐፊ። ሁለተኛው፦ በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ድልድል፣ ቀደም ባለው ሥርዓት በገበሬ ማኅበር ሹመት የነበረውና በዚህ ምክንያት ይዞታው የተቀነሰበት ገበሬ። ሁለተኛው ፍች ከነዘመኑና ከነክልሉ ቢመዘገብ፥ ወደፊት የዚያን ጊዜ የመሬት ክስና አቤቱታ የሚያነብ ሰው ከሳሹ የከተማ ሹም ነው ብሎ አይሳሳትም።